ባለ 300 ወንበሩ የገጠር ቀበሌ ምክር ቤት፦ ከ5 ኮከብ 2

ሰው ስለ ሆቴልና ስለ ስልክ ሪቪው ይጽፋል፣ እኔ ደሞ ገጠር ዘመድ ያለው ሁሉ ወደደም ጠላም ደንበኛ ስለሆነበት ሰርቪስ ልጻፍ፣ የቀበሌ ምክር ቤት። ስለ ሊቀመንበር ጸባይ ምናምን አይደለም የማወራው፣ ስለ ቁጥሩ ብቻ ነው። ስንት ተወካይ ይበቃዋል?

ድሮ የቀበሌ ምክር ቤት 15 ሰው አካባቢ ነበር። ለ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ (ሚያዝያ 5 እና 12 ለተደረገው) ቁጥሩ ተቀየረና እስከ 300 እንዲደርስ ሆነ። ከ15 ወደ 300! በሀገር ደረጃ ሲደመር 3.6 ሚሊዮን ገደማ ወንበር ማለት ነው፣ በ1999ኙ ቆጠራ ህዝቡ 74 ሚሊዮን ያህል ስለነበር የታዘለው ህጻን ሳይቀር ተቆጥሮ ከ20 ሰው አንዱ ተመራጭ ሆነ ማለት ነው፣ ህጻናቱን ስታወጧቸው ደሞ አስቡት። ምክንያቱ "የህዝብ ተሳትፎ" ነበር። ህገ መንግስቱም እኮ አንቀጽ 50 ንኡስ 4 ላይ ህዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ስልጣን ይሰጠዋል ይላል። ስልጣን ነው የሚለው፣ እነሱ ግን ስልጣኑን ወረዳ ላይ ትተው ቀበሌ ላይ ሰው ጨመሩ።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ ልምጣ። እኔ የማውቀው ጎጃም ውስጥ ያለ አንድ ቀበሌ ነው፣ ስሙ ይቅር። 300 ሰው የሚይዝ አዳራሽ የለም፣ ስለዚህ ስብሰባው ዛፍ ስር ነው፣ ብዙ ጊዜ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ወይ በበአል ቀን። ኮረም ለመሙላት ቢያንስ 151 ሰው ያስፈልጋል፣ በአጨዳ ወቅት ወይ ገበያ ቀን ላይ ከወደቀ ደሞ ከተገኘ ተአምር ነው፣ ሰው ይጠበቃል ይጠበቃል፣ ልጆች በየጎጡ ይላካሉ፣ ጸሀዩ ከበረታ በኋላ ይጀመራል። የማዳበሪያው ሪፖርት፣ የተፋሰስ ስራው፣ የጤና መድህን መዋጮው አንድ ላይ ተጠቅልሎ ይነበባል፣ "ሀሳብ ያለው" ይባላል፣ ሁሌ የሚያወሩት አራት አምስት ሰዎች ያወራሉ፣ እጅ ይወጣል፣ አለቀ። 300 ሰው ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢናገር እኮ 10 ሰአት ነው! ስለዚህ እውነተኛው ውሳኔ ቀድሞ ካቢኔው ጋ ይጨረሳል፣ ዛፍ ስር የሚመጣው ለማጨብጨብ ነው። አበል የለውም ርካሽ ነው የሚል ሰው አይጠፋም፣ 300 ሰው ግማሽ ቀን ስራ ሲፈታ ግን በአንድ ስብሰባ 150 የስራ ቀን ሄደ ማለት ነው፣ እሱን ማን ይቆጥረዋል።

አክስቴ ከጎረቤቷ ጋር የወሰን ጭቅጭቅ ነበረባት። ግራ ቀኝ ያለው ጎረቤት ሁሉ የምክር ቤት አባል ነው፣ እንግዲህ እንደ ቁጥሩ ቢሆን የሷን ያህል ተወካይ ያለው ሰው የለም። አንዱን ስትጠይቅ "እትዬ፣ እኔ ብቻዬን ምን ላድርግልዎ፣ ሊቀመንበሩን ያናግሩት"፣ ሌላዋም ያው። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል አይደል፣ 300 ሰው ላይ የተበተነ ሃላፊነት ጌጥ ብቻ ሆኖ ቀረ። በመጨረሻ ነገሩን የጨረሱት የመሬት ኮሚቴዎቹ ናቸው፣ ጥቂት ሰዎች፣ አረንጓዴ የመሬት ደብተሯን አይተው ገመድ ይዘው መጥተው ለክተው ሄዱ። ቢያጠፉም እኮ ማን ቤት ሄዳ እንደምትጮህ ታውቃለች፣ ልዩነቱ እሱ ነው።

ሁለት ኮከብ የሰጠሁት ግን በነጻ አይደለም። አንደኛ ሴቶቹ። በ15ቱ ጊዜ አንድ ወይ ሁለት ሴት ጥግ ይዛ ትቀመጥ ነበር፣ አሁን በብዛት ናቸው፣ አጠገቧ ሌሎች ሴቶች ስላሉ ደፍራ ስለ ውሃ ጉድጓዱ የምትናገር እናት አይቻለሁ። ሁለተኛ ወሬ ቶሎ ይደርሳል፣ ማዳበሪያ መቼ እንደሚመጣ በዛው ቀን ጎጡ ሁሉ ይሰማል። ግን ይሄ የመረጃ ስራ ነው፣ ለመረጃማ ጠቅላላ ስብሰባ መጥራት ነው። ኡጋንዳን እዩ፣ እዛ በመንደር ደረጃ ምክር ቤቱ ማለት ከ18 አመት በላይ ያለ ነዋሪ ሁሉ ነው፣ ስራውን የሚሰሩት ግን 10 የኮሚቴ አባላት ናቸው። ሁሉም ሰው ወይ ጥቂት ሰው፣ ሁለቱም ገብቶኛል። 300 ግን ሁሉም እንዳይባል ሌላው ቀርቷል፣ ጥቂት እንዳይባል ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር ደሞ አለ፣ ቁጥሩ ራሱ ውድድሩን ይዘጋዋል። 3.6 ሚሊዮን ወንበር ላይ እጩ ማቆም የሚችል የትኛው ፓርቲ ነው? መዋቅሩ እስከ ጎጥ የወረደው ገዢው ብቻ ነዋ። በ2000 ተቃዋሚዎቹ እጩዎቻችን እንዳይመዘገቡ ተደረጉ ብለው ወጡ፣ በ2005ቱ 33 ፓርቲዎች አንሳተፍም አሉ፣ ኢህአዴግ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ጠራርጎ ወሰደ። ወንበሩ 15 ወይ 20 ቢሆን ግን ያለ ምንም ፓርቲ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ወይ ጎበዝ አስተማሪ ተወዳድረው ሊገቡ ይችሉ ነበር።

እና ስንት ይሁን? የምክር ቤት መጠን የሚያጠኑ ምሁራን የሚጠቅሱት አንድ ስሌት አለ፣ የህዝቡን ቁጥር ኩብ ሩት ውሰድ ይላል፣ ሶስት ጊዜ ተጽፎ እርስ በርሱ ሲባዛ የህዝቡን ቁጥር የሚሰጠውን ማለት ነው። ለሀገር ፓርላማ የወጣ ነው፣ ለቀበሌ አይደለም፣ ግን ለጨዋታ 5 ሺህ ሰው ያለበትን ቀበሌ አስሉት፣ 17 ይመጣል። የድሮዎቹ 15 ያን ያህል አልሳቱም ማለት ነው ሃሃ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከየጎጡ ሁለት ሰው፣ አንድ ሴት አንድ ወንድ፣ 10 ጎጥ ካለ 20፣ 14 ካለ 28፣ ቁጥሩ ከላይ ለሁሉም እኩል አይውረድ፣ ጎጡ የተራራቀበት ቆላና ቤቱ የተጠጋጋበት ደጋ አንድ አይደለም። ስልጣንም አብሮ ይሰጠው፣ ቢያንስ ከመዋጮ የሚሰበሰበው ብር ምን ላይ እንደሚውል እነሱ ይወስኑ፣ አለበለዚያ 20ም ቢሆን ያው ነው። ሴቶቹ እንዳይቀንሱ የምትሰጉ ልክ ናችሁ፣ ለዛ ነው ግማሽ በግማሽ ያልኩት።

ባሁኑ ሰአት ደሞ 300 የሚባለውም የስም ነው። በ2010 ይደረጋል የተባለው የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ፣ በ2013 ሀገራዊው ሲደረግም የቀበሌው አልተደረገም። በ2005 ከተመረጡት ያረፈ አለ፣ ከተማ የገባ አለ፣ አረብ ሀገር የሄደች አለች፣ መዝገቡ ላይ ግን ሁሉም አሉ፣ ኮረም ሲቆጠርም ይቆጠራሉ። ስለዚህ ቁጥሩን ማስተካከል የሚፈልግ ካለ አሁን ነው ጊዜው፣ የምርጫ ቀን ከተቆረጠና እጩ መመዝገብ ከተጀመረ በኋላ የሚነካው የለም።