ጎማ ያስለበስኩት መጋዝ ከወራት በኋላ፦ የታችኛው ፑሌጃ ጉድ

የእንጨት መጋዜ ምላጭ ከሚዞርባቸው ሁለት ፑሌጃዎች (መንኮራኩሮች) የታችኛው ጎማ ለቀቀ። በጠርዙ በኩል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ከፍቷል። ጎማው አልተሰነጠቀም፣ አልደረቀም፣ አላለቀም። ዝም ብሎ ከብረቱ ተላቀቀ። ያናደደኝም ይሄው ነው።

ማሽኑ አሮጌ የጣልያን ባንድ ሶ ነው። ሁለት ትልልቅ የጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ የተቀዳ ብረት፣ ፑሌጃዎች አሉት፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ጥርሳሙ ምላጭ እንደ ቺንጋ በሁለቱ ላይ ይዞራል። የፑሌጃዎቹ ዙሪያ ጎማ የለበሰው ለጌጥ አይደለም። የምላጩ ጥርሶች ተራ በተራ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተጣመሙ ናቸው። በባዶ ብረት ላይ ቢሮጡ ያ ጥመት ይጠፋል፣ ምላጩም እንጨቱ ውስጥ ይታነቃል። በዚያ ላይ ጎማው ምላጩን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ንዝረቱንም ይውጣል። የድሮው ጎማ ግን ቀንድ ሆኖ ነበር። ሰጋቱራ እየጋገረበት ምላጩ ይዘላል፣ ዋንዛ ስቆርጥ መስመሩን ይስታል።

ስለዚህ ለማተሚያ ቤት ሮለርና ለፎርክሊፍት ጎማ የሚያለብስ ቤት ወሰድኩት። ሥራው በወሬ ደረጃ ቀላል ነው። አሮጌው ጎማ በቶርኖ ይላጣል፣ ብረቱ በአሸዋ ግፊት ይጸዳል፣ ማጣበቂያ ይቀባል፣ ጥሬ ጎማ ይጠቀለልበታል፣ ከላይ በጨርቅ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰርና በእንፋሎት ጋን ውስጥ ወደ 150 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ይበስላል። ከዚያ እንደገና በቶርኖ ይስተካከላል።

እውነቱን ልናገር፣ የላይኛው ፑሌጃ ድንቅ ነው። መሃሉን በትንሹ ከፍ፣ ጠርዞቹን ዝቅ አድርገው አስተካክለውታል። ምላጭ ሁልጊዜ ከፍ ወዳለው ቦታ ስለሚሳብ መሃል ላይ ቁጭ ይላል። ጠባብ ምላጭ አስሬ የወንበር እግር ስጠርብ እንኳ አይንሸራተትም። ድምፁም ጠፍቷል፣ አሁን ሞተሩን ብቻ ነው የምሰማው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ስሙት እስቲ» እያልኩ ነበር።

አሁን ግን ስለ ታችኛው እናውራ።

የለቀቀውን ጠርዝ ገለጥ አድርጌ አየሁት። ማጣበቂያው በደንብ ከያዘ ጎማው ራሱ ይቀደዳል እንጂ ከብረቱ አይላቀቅም፣ ብረቱ ላይም የጎማ ቅሪት ይተዋል። የኔው ብረት ግን ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ንጹሕ ስላችሁ ደረቅ አይደለም፣ ወዝ አለው። ጣቴን ሳሽሸው ግራሶ ግራሶ ይሸታል።

ጊዛ ዘይት ይጠጣል። የታችኛው ፑሌጃ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ከኩሽኔታ የሚንጠባጠብ ግራሶና የእንጨት ሙጫ ሲጠጣ ነው የኖረው። አሸዋው ላዩን ያጸዳል፣ ብረቱ ውስጥ የገባውን ግን አያወጣም። ጋኑ ውስጥ ሲሞቅ ዘይቱ ያልባል፣ ከማጣበቂያው ሥር ይገባል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ጎማ ከማልበስ በፊት ባዶውን ብረት አሙቆ ዘይቱን ማስለቀቅ፣ ከዚያ ማጠብና በአሸዋ ማጽዳት፣ ዳግም ካላበ መድገም። ጊዜና ነዳጅ ይፈጃል። እነሱ ይሄን ዘለሉት።

ደግሞ መዝለል ካለባቸው የላይኛውን ይሻል ነበር። እሱ ሥራ ፈት ነው፣ ምላጩን ተከትሎ ይዞራል እንጂ። ከሞተሩ ኃይል ተቀብሎ ምላጩን የሚጎትተው የታችኛው ነው። ሸክሙ ሁሉ በዚያ ጎማ በኩል ያልፋል።

ስነግራቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ብረቱ አርጅቷል ጋሼ፣ በማስቲሽ እንለጥፍልዎት።» ማስቲሽ! 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፑሌጃ በደቂቃ 700 ጊዜ ሲዞር ምላጩ በሰከንድ 29 ሜትር ገደማ ይሮጣል። ያ ጎማ በዚያ ፍጥነት ቢገነጠል ማስቲሹ ነው የሚመልስልኝ? ብረት አርጅቶ ከሆነ የላይኛውስ እኩያው አይደለም እንዴ?

ይሄን ሲያነብ አንድ የማሽን ሻጭ ፈገግ እንደሚል ይታየኛል። «ብዬዎት ነበር፣ ያንን ቆርቆሮ ጥለው አዲስ ይግዙ።» ወንድሜ፣ ቆርቆሮውስ ያንተ ነው። አዲሱን ማሽንህን በእጄ ገፋ ሳደርገው ተወዛወዘ። ፑሌጃውም ቀላል ነው፣ ወፍራም ግንድ ሲያገኘው ፍጥነቱ ይወርዳል። የኔው ክብደቱ ራሱ ይገፋለታል። ጎማውም እኮ አንድ ቀን ያረጃል፣ ያኔ አንተን ፍለጋ የት ልሂድ? አንዳንዴ በዚያ በድሮው የእንፋሎት መኪና፣ በሰርኪስ ባቡር እቀናለሁ፣ መንኮራኩሩ ብረት ብቻ ስለሆነ ከጎማ አልባሽ ጋር ጣጣ የለውም።

ለሌላ ሰው ትመክራለህ ወይ ለሚለኝ፣ ባለፈው ወር ብትጠይቁኝ እጃችሁን ይዤ እወስዳችሁ ነበር። ዛሬ ስሙንም መስማት አልፈልግም። በገንዘቤ ግን አልቆጭም። የላይኛው ፑሌጃ እንዳለ ይቆያል፣ ማንም እንዲነካው አልፈቅድም።

የታችኛውን አውልቄዋለሁ። ተመልሶ እዚያው ቤት ይሄዳል፣ ምክንያቱም ቶርኖ ላይ እጃቸው ጥሩ ነው። በዚህ ጊዜ ግን ቀሪውን ሂሳብ የምከፍለው ባዶው ብረት ሲሞቅና ሲያልብ ቆሜ ካየሁ በኋላ ነው። በወረቀት አስፈርሜያቸዋለሁ።