የጃፓን ስጦታ በአባይ በረሃ፦ የደጀን–ጎሃ ጽዮን መንገድና ድልድዩ ሲፈተሹ

የጎጃም ነጭ ጤፍ ጭኖ ከደብረ ማርቆስ የተነሳ መኪና አዲስ አበባ ለመግባት አባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለበት። ወደ ጎጃም ከሚገባው ማዳበሪያና ነዳጅም ብዙው የሚያልፈው በዚያው በኩል ነው። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድና ሸለቆው ግርጌ ያለው ህዳሴ ድልድይ በጃፓን ነጻ ዕርዳታ የተሠሩ ናቸው፤ ብድር የለባቸውም። ድልድዩ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ፣ በጳጉሜን ነው። ብዙ ክረምት አልፎበታልና ዛሬ ስለ ዕቃው አፍ ሞልቶ መናገር ይቻላል።

ፍርዳችንን እናስቀድም። ድልድዩ አንደኛ ነው። አስፋልቱ ደህና ነው። የተዘረጋበት መሬት ግን አይታመንም፤ ከስጦታው ጋር አብሮ ያልመጣው ጥገና ደግሞ ከሁሉም በላይ ያሳስበናል።

ድልድዩ 303 ሜትር ይረዝማል። የሠራው ካጂማ የተባለው የጃፓን ተቋራጭ ነው። ከሩቅ ሲያዩት በገመድ የተንጠለጠለ ይመስላል፤ ቀርቦ ላየው ግን ማማዎቹ አጫጭር ናቸው፣ ገመዶቹም ጋደል ብለው ነው የተወጠሩት። ገመዱ ወለሉን ከማንጠልጠል ይበልጥ ኮንክሪቱን ከሁለት ወገን ጠፍንጎ ይጨምቀዋል። ኮንክሪት ጭመቃን ይችላል፤ ሲለጠጥ ነው የሚሰነጠቀው። ተሳቢ ሲያልፍበት ሊለጠጥ የነበረው ወለል ቀድሞ ተጨምቆ ስለሚጠብቅ ጭነቱን ሳይሰነጠቅ ይሸከማል። ከጎኑ ያለው የንጉሡ ዘመን ቅስት ድልድይ ዘመኑን በክብር አገልግሏል፤ ዛሬ የሚመላለሰውን ተሳቢ ታስቦ ግን አልተሠራም።

ድልድዩ ላይ በቅርብ መታየት ያለበት አንድ ቦታ አለ፦ ጫፍና ጫፉ ላይ ወለሉ እንዲላወስ የተተወው ክፍተት። በረሃው ሲግል ኮንክሪቱ ይረዝማል፤ የ20 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 303 ሜትሩን በ6 ሳንቲ ሜትር ያህል ያስረዝመዋል። ክፍተቱ ውስጥ ጠጠርና አሸዋ ከሞላ ወለሉ የሚሄድበት ያጣና ጠርዙን መፈርከስ ይጀምራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መጥረጊያ፣ ቀጭን ብረትና ውሃ ይበቃል። የወለሉ ማፋሰሻ ቀዳዳዎችም በዚያው ቀን ቢጸዱ መልካም ነው። ለተጓዥ ደግሞ፦ ድልድዩ ጥበቃ አለው፤ መኪና ማቆምም ፎቶ ማንሳትም አይፈቀድም።

ስጦታው እንዴት እንደሚሰጥ ማወቅ የዕቃውን ጠባይ ለመረዳት ይጠቅማል። ጃፓን ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአፍሪካን ልማት የተመለከተ ጉባኤ እየጠራች ቆይታለች፤ ጃይካ በተባለው የመንግሥቷ የትብብር ድርጅት በኩል በሚሰጠው ነጻ ዕርዳታ ለእንዲህ ዓይነት ግንባታ አማካሪውም ዋናው ተቋራጩም ከጃፓን ይመጣሉ። ተቀባዩ አገር መሬቱን ያዘጋጃል፣ ከቀረጥ ነጻ ያደርጋል፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ጥገናውን ይረከባል። ጥቅሙ ጥራቱ ላይ ይታያል። ጉዳቱ ደግሞ ከገመዱና ከውጥረቱ ጋር የሚያያዝ ከባድ ሥራ በመጣ ቁጥር እጅም ዕቃም ከባሕር ማዶ መጠበቅ ነው። ባሕር ዳር ላይ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ 43 ሜትር ይሰፋል፤ እሱም በገመድ የተወጠረ ነው። ያንን ቻይናዊ ተቋራጭ ቢሠራውም ክፍያው ከአገር ካዝና ወጥቷል። ጎጃም ዛሬ ሁለቱን በአንድ ወንዝ ላይ አለው፤ ሁለቱንም የሚንከባከብ የራሳችን ባለሙያ በብዛት ማፍራት ከሦስተኛ ድልድይ ይቀድማል ብለን እናምናለን።

ወደ መሬቱ እንምጣ፤ ችግሩ ያለው እዚህ ነው። ገደሉ እንደ ተነባበረ እንጀራ ነው፦ ከላይ ባዛልት፣ ቀጥሎ አሸዋ ድንጋይ፣ ከሥሩ ኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰምና ሼል (ጭቃ ጠጥሮ የሆነ ስስ ንብብር ድንጋይ)፣ ግርጌው ላይ እንደገና አሸዋ ድንጋይ። ከላይ የተናደው ቋጥኝና ዋልካ ለዘመናት ተንከባሎ ተዳፋቱ ላይ ተከምሯል። መንገዱ በብዙ ቦታ የተቆረጠው በዚህ ክምር ላይ ነው። የክረምቱ ውሃ ክምሩን ሰንጥቆ ይወርድና ውሃ የማያሳልፈው ሼል ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ እዚያ ሲጠራቀም ክምሩን እንደ ሳሙና ያንሸራትተዋል። አስፋልቱ የቱንም ያህል ቢጠነክር አብሮ ከመሄድ በቀር ምርጫ የለውም።

ጃፓን ችግሩን አይታ ዝም አላለችም፤ ይህን እናከብርላታለን። ከ2010 እስከ 2012 (እ.ኤ.አ.) ጃይካ ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር ሆኖ የበረሃውን መንሸራተት የሚመረምር ፕሮጀክት አካሂዷል። በእንዲህ ያለ ምርመራ መሬቱ ይቦረቦርና ቱቦ ይቀበራል፤ ቱቦው የተጣመመበት ጥልቀት መሬቱ የት ላይ እንደሚንሸራተት ይናገራል። የዝናቡ መጠንና የከርሰ ምድር ውሃው ከፍታ ጎን ለጎን ይመዘገባል።

መሣሪያ የሌለው ወረዳም አደጋውን መከታተል ይችላል። አስፋልቱ ላይ እንደ ማጭድ የታጠፈ ስንጥቅ ከታየ፣ የዳር መከላከያ ብረቱ ወደ ገደል ካዘመመ፣ የቦዩ ግንብ ከተላቀቀ፣ መሬቱ እየሄደ ነው። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ችካል ይተከል፤ አናታቸው ላይ ሚስማር ተመትቶ በሚስማሮቹ መካከል ያለው ርቀት በየሳምንቱ፣ በሐምሌና በነሐሴ በየቀኑ በሜትር ተለክቶ ይጻፍ። ልኬቱ ከቀን ወደ ቀን ይበልጥ እየሰፋ ከሄደ መንገዱን ለሚያስተዳድረው ክፍል ሳይውል ሳያድር መንገር ነው። ስንጥቁን በሬንጅ መድፈን ውሃ ስለሚከለክል ይጠቅማል። የሰመጠውን እየደጋገሙ በአስፋልት መሙላት ግን ክምሩ ላይ ክብደት ይጨምራል፤ መፍትሔ ተብሎ ሲደረግ ማየት ያሳዝነናል። ዋናው መድኃኒት ውሃውን ከላይ መጥለፍ ነው፦ ከመንገዱ በላይ ያለው ቦይና ከሥሩ የሚያሳልፈው ቱቦ ሰኔ ሳይገባ ከደለልና ከድንጋይ መጽዳት አለባቸው። አንድ የተደፈነ ቱቦ ውሃውን አስፋልቱ ላይ ያወጣዋል፤ በአንድ ሌሊት ዝናብ ትከሻው ተበልቶ ያድራል።

ከልክ በላይ መጫን ሌላው የመንገዱ ጠላት ነው። ጉዳቱ ከጭነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ በመንገድ ምህንድስና በተለመደው ስሌት አንድ አክስል (የጎማ ዘንግ) ላይ 20 በመቶ ሲጨመር አስፋልቱ የሚደርስበት ጉዳት እጥፍ ይሆናል። ዳገት ላይ በዝግታ የሚጎተት ጎማ ደግሞ በሙቀት የለሰለሰውን አስፋልት እየገፋ ይቆልለዋል።

አሁን ለሹፌሩ። ከደጀን ጫፍ እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,300 ሜትር ይበልጣል። 40 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ የሚፈጠረው ጉልበት ከ1,500 ሊትር በላይ ውሃ ማፍላት ይችላል። ያ ሁሉ ሙቀት ፍሬኑ ላይ ከወደቀ ከጎማው ጋር የሚዞረው የፍሬን ታምቡር ይሰፋል፣ እሱን እየፋተገ የሚይዘው ሸራ ይቃጠላል፣ ፔዳሉ ቢረገጥም መኪናው አይያዝም። ስለዚህ ደጀን ላይ ይቆም፤ የአየር ጌጁ እስኪሞላ ይጠበቅ፤ የፍሬኑ ልቅነት፣ የጭነቱ ገመድ፣ የጎማው ነፋስ ይታይ። ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ወይም ከዚያ በአንድ ዝቅ ብሎ መውረድ ነው፤ ማርሹ የሚገባው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፣ መሐል ላይ መቀነስ አደገኛ ነው። ሞተር ፍሬኑ ይሥራ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር እግር ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ይዞ በ10 ኪሎ ሜትር ያህል መቀነስና መልቀቅ እንጂ እግርን ጭኖ መውረድ አይገባም። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ ነጻ ማድረግ ሰው ይገድላል። የሸራ ሽታ ከመጣ ጥግ ይዞ መቆምና በነፋስ እስኪበርድ መጠበቅ ነው፤ የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ ከፈሰሰበት ይሰነጠቃል።

ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ የሚፈተነው ራዲያተሩ ነው። ውሃው ቢፈላ ክዳኑን በጋለበት መክፈት ፊት ያቃጥላል። በማለዳ መሻገር ለሞተርም ለጎማም ይበጃል፤ ከመነሳት በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን መጠየቅም አይረሳ። የተበላሸ መኪና ለታኮ የተጠቀመበትን ድንጋይ አስፋልቱ ላይ ትቶ ከሄደ፣ ከኩርባው ማዶ በሌሊት ለሚመጣው አውቶቡስ ያ ድንጋይ ከገደሉ ይከፋል። ረዳቱ ወርዶ ድንጋዩን ከቦዩ ውጭ አርቆ ይጣለው፤ ቦዩ ውስጥ ከገባ በክረምት ውሃውን ይገድበዋል።