ያገለገለው ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ማይክሮ ለቤት ውስጥ የቨርቹዋላይዜሽን መለማመጃ

የቨርቹዋላይዜሽን (በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ምናባዊ ኮምፒውተሮችን የማስኬድ) መለማመጃ በቤቴ ለማቋቋም በጀት ስይዝ፣ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበላና ማራገቢያው የሚጮህ አሮጌ ሰርቨር ከመግዛት ይልቅ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ማይክሮ የተባለ ያገለገለ ትንሽ ኮምፒውተር መርጫለሁ። ኮር አይ5-7500ቲ የተባለው ፕሮሰሰሩ ባለ 4 ኮርና ባለ 35 ዋት በመሆኑ፣ መኝታ ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ እንኳ እንቅልፍ አይነሳም።

ገንዘብ በቅድሚያ ሊመደብ የሚገባው ለራም ነው። ማሽኑ 2 የራም ማስገቢያዎች ሲኖሩት እስከ 32 ጊጋባይት ዲዲአር4 ይቀበላል። የገዛሁበት ሱቅ 16 ጊጋባይት እንዳለው ቢነግረኝም፣ ቤት ገብቼ ከኋላ ያለችውን ብሎን ፈትቼ ክዳኑን ሳነሳ ያገኘሁት አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው አስከፍታችሁ እንድታዩ አጥብቄ እመክራለሁ። ፕሮክስሞክስን (ቨርቹዋል ማሽን የሚባሉትን ምናባዊ ኮምፒውተሮች የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ጭኜ አንድ ዊንዶውስ ሰርቨርና ሦስት የሊኑክስ ማሽኖች ሳስነሳ ራሙ ወዲያው ሞላ፣ ፕሮሰሰሩ ግን ገና ፋታ ነበረው። ባለ 8ቱን አውጥቼ በሁለት ባለ 16 ጊጋባይት ራሞች 32 ካደረስኩት ወዲህ ስድስት ቨርቹዋል ማሽኖች ያለችግር ይሠሩልኛል።

ለዲስክ አንድ የኤንቪኤምኢ (ፈጣን ኤስኤስዲ) ማስገቢያና አንድ ባለ 2.5 ኢንች የሳታ ቦታ መኖሩ በቂ ነው። የኔትወርክ ወደቡ አንድ ብቻ መሆኑ ግን ፋየርዎል (በሁለት ኔትወርኮች መካከል የሚያልፈውን የሚቆጣጠር) ለመለማመድ ለሚፈልግ ሰው እውነተኛ ጉድለት ስለሆነ፣ ቪላን (አንድን ኔትወርክ ወደ ብዙ የተለያዩ ኔትወርኮች መክፈያ) የሚደግፍ ስዊች በበጀቱ ውስጥ መግባት አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ደግሞ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ከተጨማሪ ዲስክ ይቀድማል።