ባና በኦንላይን መሸጥ ላስተማሩን ልጆች፦ እግዚአብሔር ይስጥልን

ደብረ ብርሃንና መንዝ ውስጥ ባና (ከበግ ሱፍ የሚሸመን ብርድ ልብስ)፣ ዝተትና የሱፍ ምንጣፍ እየሠራን የምንሸጥ ሰዎች ነን። ይህን የምንጽፈው ቅዳሜ ቅዳሜ ቀበሌ አዳራሽ እየመጡ የኦንላይን ሽያጭ ያስተማሩንን ሁለት ልጆች ለማመስገን ነው። ስማችን አይጠራ ስላሉ አንጠራም፤ ምርቃቱ ግን ይድረሳቸው።

ከዚህ በፊት ሥልጠና ያላየን እንዳይመስላችሁ። ሆቴል አዳራሽ፣ ሁለት ቀን፣ ስላይዱ በእንግሊዝኛ፣ አበል፣ ባነር ሥር ፎቶ፣ ሰርተፍኬት፣ በቃ። አንድ ባና እንኳ አልተዘረጋም። ሌላው «ዌብሳይት እንሠራላችኋለን» ብሎ ገንዘብ ተቀበለ። የአድራሻው ክፍያ በየዓመቱ እንደሚታደስ ትንፍሽ አላለም፤ ዓመቱ ሲሞላ ገጹ ጠፋ፣ ስልኩም አይነሳም።

እነዚህኞቹ ገና ከመጀመሪያው «ዕቃችሁን ይዛችሁ ኑ» አሉ። ጥቁር ባና በፍላሽ ሲነሳ የከሰል ክምር ነው የሚመስለው። ፍላሹን ማጥፋት፣ ሌንሱን በንጹህ ጨርቅ መጥረግ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ግድም በር አጠገብ ጥላ ላይ ዘርግቶ ማንሳት፤ ዙም ሳይሆን በእግር ጠጋ ብሎ። አራት ፎቶ ይበቃል፦ ሙሉው፣ ጠርዙ፣ ሽመናው ከቅርብ፣ እንከን ካለውም እንከኑ። እንከኑን አይቶ የገዛ ሰው «አታለላችሁኝ» ብሎ ዕቃ አይመልስም። ልኬቱ በሜትር ይጻፋል እንጂ በክንድ አይሆንም፤ የማን ክንድ? «ዋጋ በውስጥ»፣ ማለትም በግል መልእክት ጠይቁን ማለትንም አስተዉን። ዋጋ ያላየ ገዢ አይጠይቅም፣ ያልፋል። አሁን ዋጋው፣ ልኬቱና ስልኩ ቴሌግራም ቻናላችን አናት ላይ ፒን ተደርጓል።

ባና በደንብ ሳይደርቅ በላስቲክ ከታሸገ ይሸታል። ስለዚህ መጀመሪያ ፀሐይ ይመታዋል፣ ከዚያ ላስቲክ፣ ከላይ ማዳበሪያ። የሚመዘነው ከታሸገ በኋላ ነው፤ የማጓጓዣው ሂሳብ ሳይደመር ዋጋ አይነገርም። መናኸሪያ ሲሰጥ የመኪናው ታርጋና የረዳቱ ስልክ ወዲያው ለገዢው ይላካል።

የፌስቡክ ማስታወቂያ ለማን እንደሚታይ በምን እንደሚወሰንም ነግረውን ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አልገባንም።

የማንረሳው ግን ይህን ነው። አንዲት እናት ሁለት ባና አሽገው ወደ መናኸሪያ ሊወጡ ሲሉ አንደኛው ልጅ «እማማ፣ ገዢው የከፈለበትን መልእክት እስኪ ያሳዩኝ» አላቸው። ጽሑፉ ቁርጥ የቴሌብር ነው፤ የላከው ግን 127 ሳይሆን ተራ የ09 ቁጥር ነበር። *127# አስደውሎ ሂሳባቸውን አሳያቸው፤ ሰባራ ሳንቲም አልገባም። ማዳበሪያውን ራሱ ፈታላቸው፤ አላሳፈራቸውም፣ «ይህ እኔንም ደርሶብኛል» አለ። የዚያን ቀን ትምህርት ትቶ ሁላችንንም ስለ ክፍያ ብቻ አስተማረን፦ ገዢ የሚልከው ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም፣ የራስን ሂሳብ ሳያዩ ዕቃ አይወጣም፣ «በስህተት ላክሁ፣ መልሱልኝ» የሚል ሲመጣም መጀመሪያ ገንዘቡ መግባቱ ይታያል። ሲም ካርዱ በልጅ ወይም በወንድም ስም ከሆነ ደግሞ ስልክ የጠፋ ቀን ሲሙን እሱ ካላወጣው ቻናሉም ቴሌብሩም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ፤ አሁኑኑ በራስ ስም ይዞር።

ትምህርቱ አልቆም ስልክ ያነሳሉ። ደብረ ብርሃንም ሆነ አካባቢው ላይ ማር፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የሸማ ሥራ ያላችሁ፣ እባካችሁ እነሱ ጋ ሂዱ። ሂዱ! ስልካቸውን ግን፣ «ዋጋ በውስጥ» ስንል የተቆጡን እነሱ ይቅር ይበሉንና፣ በውስጥ ነው የምንሰጠው።