ሲኤፍ ካርድ በሃርድ ዲስክ ቦታ፦ አሮጌ የዶስ ላፕቶፕ ላይ ከወራት በኋላ

የድሮ ላፕቶፔን ሃርድ ዲስክ አውጥቼ በቦታው ሲኤፍ (ኮምፓክት ፍላሽ፣ የካሜራ ሚሞሪ ካርድ) ከገጠምኩ ወራት ሆነ። መጀመሪያ ካርዱን ከላፕቶፑ ጋር ስለሚያገናኘው አዳፕተር ልንገራችሁ፣ ምንም የለውም። ሽቦና ፒን ነው፣ ቺፕ እንኳን የለበትም። ሲኤፍ ካርድ ሳንዲስክ በፈረንጆቹ 1994 ካወጣው ጀምሮ ኮንትሮለሩ (ማንበብ መፃፉን የሚያዘው ቺፕ) እዛው ካርዱ ውስጥ ስለሆነ አዳፕተሩ የሚሰራው 9ኛዋን ፒን ግራውንድ ላይ አስሮ ካርዱ ሲነሳ "እኔ አይዲኢ (የድሮው አይነት) ሃርድ ዲስክ ነኝ" እንዲል ማድረግ ነው፣ የቀረው 50ውን ፒን ወደ 44 ማድረስ ነው በቃ። ስለዚህ ውዱን ከርካሹ እያማረጣችሁ አትልፉ፣ እኔ ያጎቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ይዞልኝ የመጣው ተራው ነው፣ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ያነሰ ዋጋ፣ እስካሁን ወላ አንድ ቀን አላስቸገረኝም። ራስ የሚያዞረው ካርዱና ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ ተነስቶ ዲስኩን የሚፈልገው ፕሮግራም) ነው።

ላፕቶፑ 486 ነው፣ 4 ሜጋ ራም፣ ዶስ 6.22። የራሱ ዲስክ 120 ሜጋ ነበር፣ የደሴን ብርድ እንኳን እሱ እኛም አልቻልነውም፣ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ሳይሞቅ አልዞርም ይል ነበር፣ ሲዞር ደግሞ ጩኸቱ ጎረቤት ይሰማል። ቱርቦ ፓስካል (ፕሮግራም መፃፊያ) እና የድሮ ዲቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ፋይሎች አሉኝ እሱ ላይ፣ ለዛ ነው የማልጥለው።

ካርድ ከየት ይገኛል ለምትሉ፣ ሱቅ አትዙሩ ፎቶ ቤት ጠይቁ። ድሮ ሰርግ የሚያነሱት በካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ ነበር እኮ፣ እሱ ደግሞ ሲኤፍ ነው የሚበላው። አሁን ሁሉም ወደ ኤስዲ ስለዞረ ካርዶቹ መሳቢያ ውስጥ አቧራ እየጠጡ ነው። እኔ ፒያሳ ካለ ስቱዲዮ ሁለት አገኘሁ፣ 4 ጊጋ እና 8 ጊጋ (ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት የሰው ሰርግ ካለበት ኮፒ አድርጋችሁ መልሱላቸው አደራ)። 8ቱን ላፕቶፑ ጭራሽ አላየውም፣ 4ቱን ወዲያው አነሳው። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ የድሮ ባዮስ አንዳንዱን ካርድ ይወዳል አንዳንዱን አይወድም፣ ስትገዙ ካልሰራ እመልሳለሁ ብላችሁ ተነጋገሩ።

4 ጊጋ አነሳው ስል ግን ሙሉውን አይደለም። የዛ ዘመን ባዮስ ዲስክን በሲሊንደር፣ በሄድና በሴክተር ከፋፍሎ 1024 ሲሊንደር፣ 16 ሄድ፣ 63 ሴክተር ድረስ ብቻ ነው የሚቆጥረው፣ አንዱ ሴክተር 512 ባይት ስለሆነ ሲባዛ 504 ሜጋ ይመጣል፣ ከዛ በላይ ያለው ለሱ የለም። ይሄን የሚያልፉ እንደ ኦንትራክ ዲስክ ማናጀር አይነት ሶፍትዌሮች አሉ ግን እኔ አልጫንኩም፣ ለዶስ 504 ሜጋ እኮ ሜዳ ነው ምን ልሞላበት። ይልቅ ለሁለት ከፍዬዋለሁ፣ ምክንያቱም ፋት 16 (ዶስ ፋይል የሚያስቀምጥበት አሰራር) ላይ ፓርቲሽኑ (የዲስኩ ክፋይ) ከ128 እስከ 256 ሜጋ ከሆነ ክላስተሩ (አንድ ፋይል ቢያንስ የሚይዘው ቦታ) 4 ኪሎባይት ይሆናል፣ ከዛ ካለፈ 8 ይሆናል፣ እኔ ደግሞ ያሉኝ ብጥስጣሽ ፋይሎች ስለሆኑ ባዶ ቦታ ነው የሚበላብኝ።

ደግሞ ካርዱን አዲስ ኮምፒውተር ላይ ፎርማት አድርጋችሁ አትምጡ። አዲሱ ዊንዶውስ ፋት 32 ያደርግላችኋል፣ 6.22 እሱን አያውቅም፣ ፋት 16 ብታደርጉት እንኳን የሄድና ሴክተር አቆጣጠሩ ከላፕቶፑ ጋር ላይገጥም ይችላል፣ ከዛ ሚሲንግ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ብሎ ቁጭ ነው። ከፍሎፒ አስነሱ፣ ኤፍዲስክ (ዲስክ የሚከፋፍለው የዶስ ትዕዛዝ) እዛው፣ ፎርማት እዛው። ካርዱ ካሜራ ውስጥ ስለኖረ ማስነሻው ሴክተር ባዶ ሊሆን ይችላል፣ ኤፍዲስክ ስላሽ ኤምቢአር ስትሉት ይስተካከላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ መብራት። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ መብራት ሄደ ማለት ላፕቶፑም ያኔውኑ ጠፋ ማለት ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ታውቁታላችሁ። የድሮው ዲስክ እንዲህ በጠፋ ቁጥር ያቃስት ነበር፣ ካርዱ የሚዞር ነገር ስለሌለው እንደዛ አያቃስትም። ግን አብሽሩ ብዬ አልተውኩትም፣ ስማርትድራይቭ የሚባለው የዶስ ማፍጠኛ የሚፃፈውን ሚሞሪ ላይ ይዞ ስለሚቆይ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፣ እሱን ስላሽ ኤክስ ብዬ ዘግቼዋለሁ፣ ንባቡን ብቻ ያግዝ። ከዛ ወዲህ ስካንዲስክ (የዲስክ ስህተት መፈተሻ) ሳስኬድ ባለቤት ያጣ ክላስተር ማየት ቀረ ማለት ይቻላል።

ፍጥነቱ? ካርዱ ላይ በትልቁ የተፃፈውን ቁጥር እርሱት፣ የ486 መስመር ከዛ ሽርፍራፊውን ነው የሚያሳልፈው። ልዩነቱ የሚታየው ብዙ ትናንሽ ፋይል ሲከፈት ነው፣ እንደ ድሮው ዲስክ እየተመላለሰ ፋይል የሚፈልግ የንባብ ጭንቅላት ስለሌለ ዲሬክተሪ (የፋይሎቹን ዝርዝር) ወዲያው ይዘረግፋል። ካርዱ ያልቃል ወይ ለሚለው ዶስ ከጀርባ የሚፅፈው ነገር የለም፣ ስዋፕ (ራም ሲያንስ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም) የለም፣ እኔ አልጨነቅም። ላፕቶፑ እየሰራ ግን መንቀል አይቻልም፣ በዚህ አይነት አገጣጠም እየሰራ የሚወጣ ነገር አይደለም።

ኮምቦልቻ ያለ ወዳጄ የኤስዲውን አዳፕተር ነው የገጠመው፣ እሱ መሃል ላይ የሚተረጉም ቺፕ አለው፣ ሲሰራ ጥሩ ነው ግን አልፎ አልፎ ሲነሳ ዲስክ የለም ይለዋል፣ አጥፍቶ ሲያበራው ያገኘዋል። ካርዱ በየሱቁ መኖሩ ጥቅም ነው፣ እኔ ግን ብመርጥ አሁንም ሲኤፉን ነው። ስታዝዙ 44 ፒን በሉ፣ 40ው የዴስክቶፕ ነው፣ እና የላፕቶፓችሁ ገመድ ወንዴ ይሁን ሴቴ አይታችሁ እዘዙ፣ ስትሰኩ ደግሞ 1ኛዋን ፒን ፈልጉ፣ በግልባጭ ከገባ ካርዱን ሊያቃጥል ይችላል።