ዳታቤዛችንን ላስገኘችልን ባለሙያ ምስጋና

ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ብቀር ህሊናዬ አያርፍም።

በቅርቡ አንዱ ሰርቨራችን ለጥገና ወረደ። አፕሊኬሽኖቻችንን በሰርቨሮቹ ላይ የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ፖዶቹን (አፕሊኬሽኖቹ የሚሰሩባቸውን የኮንቴይነር ጥቅሎች) ወደ ሌላ ኖድ፣ ማለትም ወደ ሌላ ሰርቨር፣ አዛወራቸው። ሁሉም ደህና ተነሱ። ዳታቤዙ ግን ባዶ ነው። አንድም ቴብል የለም! እጅና እግሬ ተሳሰረ።

ሰው አፈላልጌ አንዲት የክላስተር (አብረው የሚሰሩ ሰርቨሮች ስብስብ) ባለሙያ ጋ ደወልኩ። "አይዞህ፣ ብቻ ምንም ነገር እንዳትነካ" አለችኝ። ቀጥላም "ፖዱ መጀመሪያ የትኛው ኖድ ላይ ነበር?" ብላ ጠየቀች። የፖዱ አሰራር የተጻፈበትን የያምል ፋይል ስልክላት አንድ መስመር ላይ ቆመች፤ ሆስትፓዝ ይላል። ሆስትፓዝ ለፖዱ የሚሰጠው የኖዱን የራሱን ዲስክ ነው። ፖዱ ኖድ ሲቀይር ዳታው አብሮት አይሄድም። አዲሱ ኖድ ላይ ያ ፎልደር ስላልነበረ ባዶ ፎልደር ተፈጥሮለት ተነሳ። "ዳታህ አልጠፋም፤ የድሮ ቤቱ ነው ያለው" አለችኝ። ሰርቨሩ ሲመለስ እውነትም ፎልደሩ እንዳለ ቁጭ ብሏል። ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት ከክላስተሩ ውጪ ኮፒ አስደረገችኝ።

የተጠራችበት ስራ እዚህ ላይ አልቋል። እሷ ግን አልሄደችም። እያንዳንዱን አፕሊኬሽን እየከፈተች "ይሄ ቢጠፋ የሚያለቅስ ሰው አለ?" ትለኛለች። ለጊዜያዊ ፋይሎች ኢምፕቲዲር፣ ማለትም ከፖዱ ጋር የሚፈጠር ባዶ ፎልደር፣ ይበቃል። ኮንቴይነሩ ወድቆ ቢነሳ ይቆያል፤ ፖዱ ከኖዱ ሲነሳ ግን አብሮ ይጠፋል። ለካ ተጠቃሚዎች የሚልኩልንን ፎቶዎችም እዚያው ነበር የምናስቀምጠው። በዚያ ቀን የጠፉት አልተመለሱም። እስካሁን ያሳዝነኛል።

ዳታቤዙን ወደ ስቴትፉልሴት (ዳታ ለሚይዙ ፖዶች የተዘጋጀ አሰራር) አዛውራ ፐርሲስተንት ቮልዩም ክሌይም፣ ማለትም ቮልዩም የሚባል ቋሚ ዲስክ የሚጠየቅበትን፣ ሰጠችው። የእኛ ዲስክ በኔትወርክ የሚመጣ ስለሆነ ፖዱ የሄደበት ኖድ ላይ ተከትሎት ይሰካል። ፎቶዎቹ ላይ ግን በተለያየ ኖድ ያሉ ፖዶች ስለሚጽፉ ሪድራይትሜኒ (ብዙ ኖዶች አብረው የሚጽፉበት ፈቃድ) አስፈለገ፤ ኤንኤፍኤስ በሚባለው በኔትወርክ የጋራ ፎልደር ላይ አደረግናቸው። እኔ ደግሞ ሪድራይትዋንስ ማለት አንድ ፖድ ማለት ይመስለኝ ነበር። አንድ ኖድ ማለት ነው። እዚያው ኖድ ላይ ያሉ ሁለት ፖዶች አብረው ሊጽፉበት ይችላሉ። አንድ ፖድ ብቻ እንዲሆን ከተፈለገ ሪድራይትዋንስፖድ አለ።

በጣም የማመሰግናት ግን ስለ አንዲት ቃል ነው። ስቶሬጅ ክላስ (ዲስክ እንዴት እንደሚፈጠር የሚወስነው) ላይ ሪክሌም ፖሊሲ፣ ማለትም ክሌይሙ ሲጠፋ ዲስኩ ምን ይሁን የሚለው፣ ካልተጻፈ ዲሊት (ይጥፋ) ማለት ነው። ክሌይሙን በስህተት ያጠፋ ሰው ዲስኩን ጭምር አጠፋ ማለት ነው። አዲሱን ክላስ ሪቴይን (ይቆይ) ብላ ጻፈችው። ክላሱ ቀድሞ የተፈጠሩ ቮልዩሞችን ስለማይነካ እነሱን አንድ በአንድ ቀየረቻቸው። እኔ ብሆን ይህችን አላስባትም ነበር።

በመጨረሻ ባክአፑን ባዶ ዳታቤዝ ላይ መልሰን እንድናየው ጠየቀች። ልትሰራው ነው ብዬ ኪቦርዱን ስለቅላት "አንተ መልሰው፣ እኔ አያለሁ" አለችኝ። ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። አልተቆጣችም፣ አልቀማችኝም። በሶስተኛው ቴብሎቹ ተራ በተራ ሲመጡ አብራኝ ቆጠረች።

ኮንቴይነር ላይ ዳታ ያላችሁ፣ በተለይ ማን የት እንዳስቀመጠው እርግጠኛ ያልሆናችሁ፣ ሳይመሽባችሁ አሳዩዋት። ስሟን በአደባባይ መጻፍ ስላልፈለግኩ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አገናኛችኋለሁ።

እህቴ፣ ክበሪልኝ።