ሐዋሳ ላይ ቤት ልገዛ ብዬ፦ ከውል በፊት ስለሚከፈል ገንዘብ

ለእረፍት አገር ቤት ገብቼ ሐዋሳ ላይ ስለተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ልጻፍ። ሆቴሉንና መጓጓዣውን ባጭሩ አልፋቸዋለሁ። ብዙ የምለው ቤት ከሚሸጥ ድርጅት ጋር ስለገባንበት ክርክር ነው፤ ከውጭ ሆኖ ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁሉ እዚያው ጠረጴዛ ፊት መቀመጡ አይቀርምና።

መንገዱ በጣም ተሻሽሏል። የሞጆ–ባቱ የፍጥነት መንገድ የድሮውን ድካም ቀንሶታል፤ ከባቱ በኋላ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ ያለው ግን አሁንም ትዕግሥት ይጠይቃል። ያረፍንበት የሐይቅ ዳር ሆቴል ንጹሕ ነበር፤ ውኃም መብራትም አልተቋረጠብንም። ባጃጆቹ ዋጋ አስቀድሞ ከተነጋገሩ ጨዋዎች ናቸው። አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ ያልበላ ሐዋሳ ገባሁ አይበል።

ወደ ቤቱ ልመለስ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ነገሩ በስምምነት አልቋል። ሥራቸውን ሳየው መጥፎ ነው አልልም። ሳይቱ ላይ ያገኘነው መሐንዲስ የብረቱን አሰላለፍ፣ የኮንክሪቱን ውፍረት፣ የፍሳሹን መስመር ሳይሰለች አሳይቶናል። የጠየቅነውን ሁሉ መልሷል፤ ያልጠየቅነውንም ነግሮናል። እንዲህ ያለ ባለሙያ በየቦታው አይገኝም። ቅሬታዬ ከቢሮው ጋር ነው።

እኔ ከመምጣቴ በፊት ሐዋሳ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ቤቱን አይታ፣ ወዳው፣ ውሉን እንዲያሳዩዋት ጠየቀች። የሽያጭ ሠራተኛዋ በትሕትና፣ «እትዬ፣ ውሉ የሚዘጋጀው ቤቱ በስማችሁ ከተያዘ በኋላ ነው፤ ማስያዣውን ያስገቡና ወዲያው እንሰጥዎታለን» አለቻት። ዋጋው በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚጨምርም ነገረቻት። እህቴ ደጋግማ ጠይቃ መልሱ ያው ሲሆን 300,000 ብር በባንክ አስገባች። የተሰጣት ደረሰኝ ላይ የተጻፈው «ለቤት ማስያዣ» ብቻ ነው። ይመለሳል አይልም፣ አይመለስም አይልም፤ የቤቱ ቁጥርም ጠቅላላ ዋጋውም የለበትም።

ውሉ የመጣው እኔ ከገባሁ በኋላ ነው። ሳነበው በቃል ከተነገረን ጋር የሚገናኘው የቤቱ አድራሻ ብቻ ሆነብኝ። ዋጋው የውጭ ምንዛሪ በተለወጠ ቁጥር ይስተካከላል ይላል፤ እስከ ስንት ድረስ እንደሆነ ግን ጣሪያ የለውም። የርክክቡ ጊዜ የሚቆጠረው ከተፈራረምንበት ቀን ሳይሆን ድርጅቱ «አስፈላጊ ቅድመ ሁኔታዎችን ካሟላበት» ቀን ጀምሮ ነው። የቤቱ ስፋት «በግምት» ነው። ገዢ ክፍያ ካዘገየ ቅጣቱ በመቶኛ ተሰልቶ ተቀምጧል፤ ሻጭ ርክክብ ካዘገየ ግን «በመግባባት ይፈታል» ተብሎ ታልፏል።

እውነቱን ለመናገር የምንዛሪውን ነገር ሙሉ በሙሉ አልቃወምም። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብረት፣ ሴራሚክ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሁሉ ምን ያህል እንደተሰቀለ የሚገነባ ሰው ያውቀዋል። ድርጅቱ ያን ሁሉ ብቻውን ይሸከም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ይህ ሸክም ለገዢ የሚነገረው ገንዘቡ ከተወሰደ በኋላ መሆን የለበትም። አስቀድሞ ቢነገረን ኖሮ ወይ ተደራድረን ተስማምተን እንገባ ነበር፣ ወይ አመስግነን እንወጣ ነበር።

አንፈርምም፣ ገንዘባችንን መልሱልን አልን። ሥራ አስኪያጁ «ይሄ ቀብድ ነው፤ ገዢ ራሱ ከተወ ቀብዱ ይቀራል፤ ሕጉም እንደዚያ ነው» አለን። አነጋገሩ ቁርጥ ያለ ስለነበር እህቴ ልትቀበለው ምንም አልቀራት። በዚህ ጊዜ ነው ጠበቃ የያዝነው፤ ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ሁሉ አንደኛ የማደርገውም የእሱን ነው።

ጠበቃው የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጦ አስረዳን። ሥራ አስኪያጁ ያለው ከፊሉ እውነት ነው። በአንቀጽ 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በአንቀጽ 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ወገን ከተወ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህን ሁለተኛውን ክፍል ግን ቢሮው ውስጥ ማንም አላነሳልንም።

ከዚያ ቀጠለና፣ ቀብድ የሚቀረው ውል ሲኖር ነው አለን። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በአንቀጽ 1727 መሠረት ተዋዋዮቹ ሊፈርሙበት፣ ሁለት ምስክሮችም ሊያረጋግጡት ይገባል፤ አንቀጽ 1723 ደግሞ ፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ክፍል ዘንድ መመዝገብን ይጠይቃል። ሕግ ያዘዘው ፎርም ካልተጠበቀ ያለው ነገር በአንቀጽ 1720 አነጋገር ረቂቅ ነው እንጂ ውል አይደለም። እኛ ዘንድ ደግሞ ፊርማ ቀርቶ ረቂቁ ራሱ ገንዘቡ በተከፈለ ጊዜ አልታየም፤ ዋጋውም አልተቆረጠም። ስለዚህ ገንዘቡ የሚቀርበት መሠረት የለም፤ ያለ ምክንያት የተከፈለ ገንዘብ ለከፋዩ ይመለሳል አለ። ሲናገር ጮክ አይልም፤ ደብዳቤውም እንደ አነጋገሩ ነበር። ስድብ የለው፣ ዛቻ የለው፤ አንቀጾቹን፣ የደረሰኙን ቅጂና የምንጠብቀውን መልስ ብቻ ይዞ ሄደ።

አንድ ነገር ግን አስጠንቅቆናል፤ ላንባቢዎች መንገር አለብኝ። በራሳችሁ ይዞታ ላይ ሥራ ተቋራጭ ቀጥራችሁ የምታስገነቡ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ያ የሥራ ውል እንጂ የቤት ሽያጭ ስላልሆነ ፎርሙ እንደ ሽያጩ የጠበቀ አይደለም፤ በሥራውና በዋጋው ከተስማማችሁ «ውል አልነበረም» ብሎ መከራከር በጣም ይከብዳል። በአንጻሩ እዚያ አስገንቢውን የሚጠቅም አንቀጽ አለ፤ ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበ ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ዋስ ነው ይላል፣ አንቀጽ 3039። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ዝም ብሎ እንደገና ያስለስናል።

ሌላው ውክልናው ነው። እህቴ የያዘችው ከኤምባሲ የላክሁላት ጠቅላላ ውክልና ነበር። ጠበቃው አንቀጽ 2204ንና 2205ን አሳየን፤ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ለመታረቅ፣ ክስ ለመመሥረት፣ ለመከራከር ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። እኔ ወደ መጣሁበት ስመለስ እህቴ ድርጅቱ ፊት ቆማ ምንም መፈረም አትችልም ነበር ማለት ነው። ከተማው ውስጥ ሰነድ የሚያረጋግጠው ቢሮ ሄደን አዲስ ልዩ ውክልና አደረግን፤ ለመታረቅ፣ ለመክሰስ፣ ገንዘብ ለመቀበል የሚሉት በግልጽ ተጻፉ። ፓስፖርትና ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) ዋናውን መያዝ አይረሳ። ሠራተኞቹ ፈጣኖች ነበሩ፤ የነበረንን የፊደል ስሕተት እንኳ ራሳቸው አይተው አስተካከሉልን። ልትመሰገኑ ይገባል።

ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ድርጅቱ ዝም አለ። ዝምታውን የሰበሩት እህቴ የምታከብራቸው አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። በሲዳማ ዘንድ አፊኒ የሚባል ነባር ሥርዓት አለ፤ የሁሉም ወገን ቃል እስኪሰማ ድረስ ነገር አይቆረጥም። ሽማግሌው ሥራ አስኪያጁን ለብቻው፣ እኛን ለብቻችን ሰሙ፤ ከዚያ አንድ ላይ አስቀመጡን። ሥራ አስኪያጁን «ልጄ፣ ውሉን አሳይተሃቸው ነው ገንዘቡን የተቀበልከው?» ብለው ጠየቁት። አላሳየሁም አለ። ለእኛም ዞረው የማስታወቂያና የቢሮ ወጪ አለባቸውና ጥቂት ነገር ተዉላቸው አሉን። 10,000 ብር ተውን። ቅር አላለኝም፤ ዓመታት የሚፈጅ ክስ ውስጥ ከመግባት ይህ ይሻላል፤ ደግሞም ሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር ክብር አለው። ጠበቃው ግን ስምምነቱን በቃል አልተወውም፤ ጽፎ፣ ምስክር አስፈርሞ፣ ክፍያው በሁለት ሲፒኦ (የባንክ ክፍያ ማዘዣ) እንዲሆን አደረገ። የመጀመሪያውን እኔ እያለሁ ተቀበልን። ሁለተኛውን እኔ ከሄድኩ በኋላ እህቴ በአዲሱ ውክልና ወሰደች።

ደላላውን በተመለከተ፣ ቤት በማሳየት ጎበዝ ነው፤ ስለ ውሉ ሲጠየቅ ግን «እሱን ቢሮው ያውቃል» ከማለት ሌላ መልስ የለውም። ኮሚሽኑ የሚታሰበው ውል ሲፈረም ስለሆነ ከፊርማው በፊት ቸኩሎ ማቻኮሉ ይገባኛል፤ ለገዢ ግን አይበጅም።

ቤት የምትሸጡ ወገኖቻችን ይህን ብታነቡ ደስ ይለኛል። ረቂቅ ውሉን አስቀድሞ መስጠት ምንም አያስወጣችሁም። የይዞታ ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ በባንክ ዕዳ መያዙን፣ እግድ መኖር አለመኖሩን፣ የግንባታ ፈቃዱን ለሚጠይቅ ሁሉ አሳዩ። ማስያዣ መቀበል ግድ ከሆነም ደረሰኙ ላይ የቤቱን ቁጥር፣ ጠቅላላ ዋጋውን፣ ገዢው ውሉን አንብቦ ካልተስማማ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ ጻፉበት። ያ መሐንዲስ ያን ያህል የለፋበትን ቤት አንድ መስመር ደረሰኝ ሲያበላሸው ማየት ያሳዝናል።

እህቴ አሁን አቶቴ አካባቢ ሌላ ቤት አይታለች። ሻጮቹ ገና ስንጠይቃቸው ረቂቁን በቴሌግራም ላኩልን፤ ጠበቃው እያነበበው ነው። እስካሁን የከፈልነው ለእሱ ብቻ ነው።